ስለ ዜማ መቁረጥና መቀጠል

የሌላውን ሰው ዜማ ተቀብሎ፣ ጨምሮና ቀንሶ፣ እንደ ገና አዲስ አድርጎ ማሰማት ዛሬ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በበዓል ሌሊት ማኅሌት የቆመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከመልክኡ አንድ ቤት ይነሣል፤ ቀጥሎም ከልዩ ልዩ ስፍራ የተውጣጣ ዚቅ ይከተለዋል። ዚቁ ለዕለቱ በዓል እንዲስማማ ሆኖ የተገጣጠመ ነው። ይህን የሚያደርጉትን ሊቃውንት ግን ሰረቁ ወይም አበላሹ የሚላቸው የለም። መሪጌታው ቃሉ ከየት እንደ ተነሣ ያውቀዋልና፤ ቢስትም ከቀኝና ከግራ የቆሙት በዚያው ቅጽበት ያቀኑታል።

በምዕራብ ሸዋ ገጠር ደግሞ ጌረርሳ የሚባል የጀግና ዜማ አለ፤ በአማርኛ ለቀረርቶና ለፉከራ የቀረበ ነው። ጌረርሳ የሚያሰማው ሰው ዜማውን እርሱ አልፈጠረውም፤ ከሐረጉም ብዙው ከአባቶቹ የተቀበለው ነው። በመካከሉ ግን የራሱን ሥራ ያገባበታል። በጥንቱ ልማድ አውሬ ወይም ጠላት ያልጣለ ሰው በሸንጎ ፊት ቆሞ ጌረርሳ አያሰማም ነበር። ሐረግ መዋስ የተፈቀደ ነው፤ ጀብዱ መዋስ ግን ውርደት ነው። በደብሩም ሆነ በመስኩ የሚቀጥለው ሰው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ይቆማል፤ ለቀጠለውም ነገር ወዲያው መልስ ይሰጣል። በዛሬው ዘመን በኢንተርኔት ላይ ዜማና ቪዲዮ እየተቆረጡ ሲቀጣጠሉ ሊመረመር የሚገባው ይኸው ነው። መቁረጡ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር የቆረጠው ሰው ፊት አለመታየቱ ነው።

ድምፅ ከባለ ድምፁ ተለይቶ መሄድ የጀመረው በሸክላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በርሊን ከተማ ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ ዘፈን ዘፋኙ በሌለበት ቤት ይሰማ ጀመር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ በአዲስ አበባ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቋመ። ከሸክላው በኋላ ካሴት መጣ፤ ካሴትም ከሸክላ የሚለይበት ነገር ቢኖር ማንም ሰው በቤቱ ሊገለብጠው መቻሉ ነበር። ከካሴቱም በኋላ ሲዲ፣ ፍላሽና የስልክ ሜሞሪ ተከታተሉ። በእያንዳንዱ እርምጃ ዘፈኑ እየቀለለ ሄደ፤ የዘፋኙም ስም በዚያው መጠን እየቀለለ ሄደ። በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በሆለታ በመናኸሪያው አጠገብ ዘፈን እየጫኑ የሚሸጡ ሱቆች ይታወቃሉ። ገዢው ስልኩን ያስረክባል፤ ጥቂት ብር ይከፍላል፤ መቶ ዘፈን ተጭኖለት ይሄዳል። ከመቶው ውስጥ ስንቱ በትክክለኛ ስሙ እንደ ተጻፈ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የስልኩን መስታወት ይመልከት፤ «ትራክ 07» የሚል ያገኛል።

ይሁን እንጂ የተቆረጠ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአዲስ አበባ ከተቀረጸ ከሠላሳ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ በ1997 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ናስና ዴሚያን ማርሊ «የገሌ ትዝታ» ከተባለው ሥራው ጥቂት ቆርጠው ለራሳቸው ዘፈን መሠረት አደረጉት። ይህም ሪሚክስ ከሚባለው ነገር ወገን ነው። ነገር ግን የሙላቱ ስም አብሮ ስለ ተጠቀሰ፣ በሩቅ አገር ያ ቁራጭ የጣመው ጎልማሳ ፈልጎ ወደ መላው ሥራ፣ ከመላውም ሥራ ወደ ሰውዬው፣ ከሰውዬውም ወደ አዲስ አበባ ሊመጣ ችሏል። ቁራጩ ጣት ሆኖ ወደ ሙሉው አመለከተ ማለት ነው። አምቦ ላይ የደረሰው ነገር ግን ከዚህ የከበደ ስለ ሆነ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል።

ሃጫሉ ሁንዴሳ በ1978 ዓ.ም. በአምቦ ከተማ ተወለደ። ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ተይዞ አምስት ዓመት ያህል በአምቦ ወህኒ ቤት ቆየ፤ የመጀመሪያውን አልበሙን ዘፈኖች ያዘጋጀው በዚያ ሳለ ነው። ያም አልበም «ሰኚ ሞቲ» ተብሎ በ2001 ዓ.ም. ወጣ። ሁለተኛው «ዋኤ ኬኛ» በ2005 ዓ.ም. ተከተለ። ስሙን ከሁሉ በላይ ያወጣው ግን በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. ብቻውን የወጣው «ማላን ጅራ» የተባለው ዘፈኑ ነው። ስሙ በአማርኛ «ምን ኑሮ አለኝ» እንደ ማለት ነው።

ይህን ዘፈን በጥሞና የሰማ ሰው አሠራሩን ያደንቃል። ዘፈኑ ላይ ላዩን ሲታይ ከሚወዳት የተለየ ሰው እንጉርጉሮ ነው። ውስጡ ግን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት የጥንት ቦታዎች እየተጠሩ፣ ከዚያ የተነሣው ሕዝብ መለየት ይነገርበታል። ቅኔ ያወቀ ሰው ሰምና ወርቅ ብሎ ሊጠራው ይወዳል፤ ነገር ግን ስሙ በትክክል አይገጥምም። በሰምና ወርቅ ወርቁ በሰሙ ይሸፈናል፤ በዚህ ዘፈን ግን የፍቅሩ ኀዘንና የአገሩ ኀዘን ሁለቱም ግልጥ ሆነው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱም የሌላው ልብስ አይደለም። ሰሚው ሴቲቱን ሲያስብ ምድሪቱን ያገኛል፤ ምድሪቱን ሲያስብ ሴቲቱን ያገኛል። የዘፈኑ ኃይል ያለው በዚህ ባለመለያየታቸው ነው።

እንግዲህ መቀሱ ሲመጣ ምን ይሆናል? ቲክቶክ የተባለው የቪዲዮ ማሰራጫ በመጀመሪያ ከ15 ሰኮንድ፣ ቀጥሎም ከአንድ ደቂቃ የሚበልጥ አያስተላልፍም ነበር፤ ሦስት ደቂቃ የፈቀደው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላም አሥር ደቂቃ ፈቀደ። መጠኑ ቢረዝምም ልማዱ አጭር ሆኖ ቀረ። በ15 ሰኮንድ ውስጥ ሁለቱን ኀዘን አብሮ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ቆራጩ ይመርጣል። የፍቅሩን ክፍል ብቻ የወሰደ ለሰርግ ሥዕል ማጀቢያ ያደርገዋል፤ የቦታዎቹን ስም ብቻ የወሰደ ለሰልፍ ሥዕል ማጀቢያ ያደርገዋል። ሁለቱም ከዘፈኑ አልወጡም፤ ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም፤ ዘፈኑ ግን በሁለቱም ዘንድ የለም። ቃል ሳይለወጥ ነገሩ መለወጡን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የሰልፉ ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። በሚያዝያ ወር 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም በአምቦ ተማሪዎች ተነሥተው ሰዎች ሞተዋል። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጊንጪ ከተማ ተቃውሞው እንደ ገና ተጀምሮ በመላው ኦሮሚያ ተስፋፋ። «ማላን ጅራ» ከዚህ አምስት ወር ያህል ቀድሞ ወጥቶ ነበርና በስልክ የተነሡት የተቃውሞ ሥዕሎች በርሱ ዜማ እየታጀቡ ዞሩ። ይህን ያደረጉት ሰዎች ማን እንደ ሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም። ነገር ግን እዚህ ላይ ለቆራጮቹ መፍረድ ይገባል። ሥዕሉንና ዜማውን ሲያገናኙ ዘፈኑ የሚያለቅስለትን ነገር ራሱን በዓይን አሳዩ እንጂ እንግዳ ነገር አላመጡበትም። የስልክ ኢንተርኔት በተዘጋበት ጊዜም ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝና በሜሞሪ ተላለፈ፤ ይህም ሰው ከሰው ጋር ተያይቶ፣ እጅ ለእጅ ተቀባብሎ ስለ ሆነ የድሮውን የጌረርሳ አካሄድ የሚመስል ነገር አለበት።

በ2010 ዓ.ም. «ጅራ» የተባለው ዘፈን ወጣ። ትርጉሙ «አለን» ማለት ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በአዲስ አበባ በሚሌኒየም አዳራሽ ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉት ወገኖች ገንዘብ ለመሰብሰብ በተደረገው ዝግጅት ላይ ሃጫሉ ሲዘፍን በኦሮሚያ ቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ፤ ከዚያም ተቆራርጦ በኢንተርኔት ተሰራጨ። አሁን «ማላን ጅራ»ና «ጅራ» የተባሉትን ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍቶ በአንድ ከበሮ ምት ማስኬድ ለዲጄ ቀላል ሥራ ነው። ጆሮም ይቀበለዋል፤ እግርም ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን አንደኛው ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው መልስ ነው። «ምን ኑሮ አለኝ» ካለበት ቀን አንሥቶ «አለን» እስካለበት ቀን ድረስ ከሁለት ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አልፏል፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ ስንት ሰው ሞቷል፤ ስንት ሰው ታስሯል። መጀመሪያው ስለ አንድ ሰው ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ብዙዎች ይናገራል። ይህን ጊዜ አጥፍቶ ጥያቄውንና መልሱን በአንድ ትንፋሽ የሚያሰማ ሰው የጾሙን ወራት ዘሎ ፋሲካን እንደሚያከብር ሰው ነው። ፍጥነቱንም ከጨመረበት ድምፁ ይቀጥናል፤ የሰውዬው ጎርናና ድምፅ የልጅ ድምፅ ይሆናል። ብዙ ጊዜም ፍጥነቱን የሚጨምሩት ለጣዕም ብለው አይደለም። ዩቱብ የባለ መብቱን ዜማ ለይቶ የሚይዝ መሣሪያ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አለው፤ ከዚህ መሣሪያ ለማምለጥ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፤ ሥዕሉንም ግራና ቀኙን ይገለብጡታል። በእንደዚህ ያለው ቪዲዮ ላይ ዘፋኙ ማሲንቆውን በግራ እጁ ሲመታ የታየ እንደ ሆነ ግራኝ ሆኖ አይደለም፤ የተሰረቀ ስለ ሆነ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ የሸዋ ኦሮሞ ጭፈራ ረገዳ ይባላል፤ በማኅሌትም ደብተሮች የእግራቸውን ምት ረገዳ ይሉታል። ይህ የስም መገጣጠም ከየት እንደ መጣ የቋንቋ ሊቃውንት ቢመረምሩት መልካም ነበር። ይህን የእግር ምት ግን የዲጄው መኪና ከበሮ አያውቀውም፤ እኩል እኩል ሲመታ እግሩ የሚዘገይበትን ቦታ ይደፍነዋል።)

ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌሊት በአዲስ አበባ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ሰኔ 25 ቀንም በትውልድ ከተማው በአምቦ ተቀበረ። በማግስቱ ሰኔ 23 ቀን በአገሩ ሁሉ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ እስኪከፈትም ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ከሞቱ በኋላ በተነሣው ሁከት ከ150 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በእነዚያ ሳምንታት አገር ቤት ያለው ሰው በስልኩ ውስጥ ያለውን የድሮ ዘፈን ብቻ ሲሰማ፣ በባሕር ማዶ ያለው ወገን ደግሞ በብዛት ይቆርጥና ይቀጥል ነበር። መስመሩ ሲከፈት ሁሉም በአንድነት ገባ፤ የልቅሶ ቪዲዮ፣ የቁጣ ቪዲዮ፣ የንግድ ቪዲዮ። ንግድ መባሉ አይድነቅ፤ ተመልካች በበዛ ቁጥር ከማስታወቂያው ገንዘብ የሚገኝ ስለ ሆነ የሙት ፎቶግራፍ የሚለጥፍ ሁሉ አልቃሽ አይደለም።

ከዘፈኑም ይልቅ የተጎዳው ንግግሩ ነው። ከመሞቱ አንድ ሳምንት ያህል አስቀድሞ በኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ረጅም ቃለ ምልልስ ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ረጅም ንግግር ውስጥ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተናገረው ጥቂት ቃል ተቆርጦ ብቻውን ዞረ፤ በእርሱም ላይ ብዙ ቁጣና ብዙ ስድብ ተነሣ። የሞቱን ምክንያት በዚህ መተርጎም የሐያሲ ሥራ አይደለም፤ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ስለ ቁራጩ ግን መናገር ይቻላል። ዘፈን ቢቆረጥ ጣዕሙ ይጎድላል፤ ንግግር ቢቆረጥ ግን ሰውዬው ራሱ ሌላ ሰው ይሆናል። ከፊቱ የተጠየቀው ጥያቄ፣ ከኋላው የጨመረው ማብራሪያ፣ ሲናገር የነበረው የፊቱ ገጽ ሁሉ ይቀራል። ንግግሩም በአፋን ኦሮሞ ስለ ነበር ቋንቋውን የማያውቅ ሰው በሌላ ሰው ትርጉም ተመርኩዞ ለመፍረድ ይገደዳል፤ ተርጓሚውም እንደ ቆራጩ ስሙ አይታወቅም። በአደባባይ የተናገረውን ቃል አንድ ሰው ለጎረቤቱ ቆርጦ ቢያወራ ኖሮ ጎረቤቱ «ይህን ማን ነገረህ? አንተስ ነበርክን?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። ስልኩን ግን ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቀውም።

ስለ ሕጉም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ሁለት ዓይነት መብት ይሰጠዋል። አንዱ የገንዘብ መብት ነው፤ ይህም ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ ይኸውም ስሙ በሥራው ላይ እንዲጠራና ሥራው ክብሩን በሚነካ አኳኋን እንዳይዛባ የመቃወም መብት ነው። ሰዎች ስለ መጀመሪያው ብዙ ይከራከራሉ፤ ስለ ሁለተኛው ግን የሚናገር ጥቂት ነው። በመናኸሪያው ሱቅ ዘፈን የሚጭነው ወጣት የዕለት እንጀራውን የሚያገኝበት ስለ ሆነ በገንዘቡ ነገር ብዙ ባይጨክኑበት ይሻላል። ስሙን ግን መጻፍ ምን ያስከፍለዋል? ለ«ትራክ 07» ፈንታ «ማላን ጅራ፤ ሃጫሉ ሁንዴሳ፤ 2007» ብሎ ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መሣሪያውንም ሁሉ በአንድነት መኮነን አይገባም። በቲክቶክ ላይ ዱኤት የሚባል አሠራር አለ፤ አንድ ሰው የሌላውን ቪዲዮ ሳይቆርጥ ከጎኑ ቆሞ የራሱን ድምፅ ወይም የራሱን ክራር ይጨምርበታል፤ የፊተኛውም ሰው ስም ከቪዲዮው ጋር ይኖራል። ይህ አሠራር ለዚቅ ባህል የቀረበ ነው። አንድ የአምቦ ልጅ በቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ፣ ያለ መኪና ከበሮ፣ የሃጫሉን ዜማ በራሱ ጉሮሮ ቢጫወተው፣ ፊቱ ይታያል፤ ቢስትም ከሥሩ የሚጽፉት ያርሙታል። እንዲሁም የከተማው ሰዎች «ክላሲካል» የሚሉት፣ ቃሉ ወጥቶለት በመሣሪያ ብቻ የተሠራው ዜማ፣ ብዙ ጊዜ ከሪሚክሱ ይልቅ ለዘፈኑ ታማኝ ሆኖ ይገኛል፤ ቃሉን ስለማያዛባና ሰሚው ቃሉን ራሱ በልቡ እንዲጨምር ስለሚያደርገው ነው። ከዚህ ወገን የሆኑት ሥራዎች በብዛት ቢቆጠሩ ጥቂት ናቸው፤ ሰሚ ቢያገኙ ግን ይበዙ ነበር።

ሃጫሉ በሞተ በዓመቱ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም.፣ «ማል መሊሳ» የተባለው አልበሙ ወጣ። እርሱ በሕይወት ሳለ ካስቀረጻቸው ድምፆች የተሰናዳ ስለ ሆነ በአንድ በኩል ይህም የመቁረጥና የመቀጠል ሥራ ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት ሌሎች ሰዎች መርጠው፣ አስተካክለው፣ ቅደም ተከተሉን ወስነው አወጡት። ነገር ግን አልበሙ ስም አለው፤ ዓመተ ምሕረት አለው፤ የተሳሳተ ነገር የተገኘበት እንደ ሆነም የሚጠየቅ ሰው አለ። የደራሲው መብት በሕጉ መሠረት እስከ 2062 ዓ.ም. ገደማ ይቆያል። ያን ጊዜ «ማላን ጅራ»ን ለመስማት የሚፈልግ የአምቦ ወጣት ምናልባት ሙሉውን ዘፈን ያገኛል፤ ምናልባትም ግራና ቀኙ ተገልብጦ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ ፍቅሩ ከአገሩ ተለይቶ፣ 15 ሰኮንድ ብቻ የቀረውን ያገኛል፤ ያንንም ሙሉው ዘፈን ነው ብሎ ለልጁ ያሰማዋል።